የቀኙ መብራት

ፀደንያ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ጀርባ የእንግዶች አንሶላ እያጠፈች ሳለ ነው አጎቷ አኬችን ሌባ ሲላት የሰማችው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ማስረሻ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ቃላቱን ለእንግዳ የክፍል ዋጋ እንደሚናገር ሰው አንድ በአንድ፣ ረጋ ብሎ ያወጣቸዋል። «አዲሱን አምፖል አውጥተሽ አሮጌ ገጥመሽበታል» አላት። «የት እንደሸጥሽው አልጠይቅሽም። እስከ ስድስት ሰዓት ካላመጣሽው ግን ሽማግሌ ፊት እንነጋገራለን።» አኬች የመለሰችው ነገር አልተሰማም።  ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባልዲ ሲነሳና የአኬች ሸበጥ ሲሚንቶውን እየመታ ሲርቅ ተሰማ፤ ከዚያ የአጎቷ ሳል፣ ከዚያ የመኪናው በር። ፀደንያ የያዘችውን አንሶላ ሁለት ጊዜ አጥፋ ሁለት ጊዜ ፈታችው።

የተጠረጠረው አምፖል እንግዳ መቀበያው ሳሎን ውስጥ ካለው የዓሣ ገንዳ በላይ የሚበራው ነው። ገንዳው ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመስታወት ሣጥን ሲሆን፣ በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የማስረሻ ሚስት በዛብሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንጆች ላይ ከነመብራቱ የገዛችው ነበር። እዚህ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ውስጥ ሆቴል ሞልቷል፤ ዓሣ ያለው ግን የእኛ ብቻ ነው ትል ነበር። ከገንዳው በላይ ረጅም የብረት ሽፋን ተንጠልጥሏል። በውስጡ ግራና ቀኝ ሁለት የሜታል ሃላይድ አምፖሎች አሉ፤ የኳስ ሜዳ መብራት ዓይነት ናቸው፣ መጠናቸው አነስ ይላል እንጂ። ሁለቱም በደህና ሲበሩ የገንዳው ጠጠር አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን የቀኙ ደከመ። ይበራል፣ አይጠፋም፤ ነገር ግን ብርሃኑ አረንጓዴ የቀላቀለ፣ የታማሚ ፊት የመሰለ ሆነ። በዚያ በኩል ያለው የውሃ ሣር ጫፉ ቡናማ ሆኖ መርገፍ ጀመረ። ከካምፓላ በላስቲክ ተጭነው የመጡት ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች በሙሉ ወደ ግራው ተሰብስበው እርስ በርስ መነካከስ ያዙ። ሁለቱ ሞተው ተንሳፈፉ። እንግዶች ቁልፍ ሲቀበሉ «ያኛው ጎን ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቁ ጀመር።

ፀደንያ ፍቼ ከሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ተቋም በኤሌክትሪክ ተመርቃለች። አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከስምንት ወር በፊት በስልክ «ትምጣልኝ፣ የሆቴሉን ኤሌክትሪክ ትያዝልኝ» ብሎ ነበር ያስመጣት። ስትደርስ ግን እንግዳ ፊት ሴት ልጅ መሰላል ላይ መውጣቷ ደስ አላለውም። ሪሴፕሽን አስቀመጣት፤ ፓስፖርቷንም እንዳይጠፋ ብሎ ካዝናው ውስጥ ቆለፈው። አልከፋትም። በየወሩ ለእናቷ ይልክላታል፣ ይመግባታል፣ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያውም አያናግራትም። ራት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ አንዱ ጨው ሲፈልግ ሌላው ሳይጠየቅ ያቀብላል።

አኬች ደግሞ የዚህ ቤት ሰው ከሆነች ከሁሉም በላይ ቆይታለች። ልጅነቷ ፉኝዶ ስደተኛ ካምፕ ነው ያለፈው፤ አማርኛውን እዚያው ተምራ አድጋ፣ ጋምቤላ ከተማ በዛብሽ ምግብ ቤት ከፍታ ሳለ እሷ ዘንድ ተቀጠረች። አገሯ ነጻ ወጣ ሲባል ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ነው ጁባ የገቡት። ሆቴሉ ያኔ አራት የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ማስረሻ ኋላ ነው የመጣው። በዛብሽ ባለፈው ዓመት በሕመም ስትደክም፣ ቄሱና የጁባ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሰብሳቢ አቶ በዕውቀቱ ባሉበት ባሏን «አኬችን ከዚህ ቤት እንዳታስወጣት፣ ክፍሏ የሷ ነው» ብላ አስማለችው። ማስረሻ መስቀሉን ስሞ እሺ አለ። ክፍሏ ከወጥ ቤቱ ኋላ ያለች፣ ማንጎ ዛፍ የተጠጋች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በቅርቡ አንድ ተቋራጭ መጥቶ ያንን የግቢውን ጀርባ በሜትር ለክቶ ሄዷል፤ ለስብሰባና ለሠርግ የሚከራይ አዳራሽ ሊሠራበት ነው ተብሎ ይወራል።

የአጎቷ መኪና ሌላ ሰፈር ወደሚያሠራው አዲሱ ግቢ እንደወጣች ፀደንያ የቁልፉን ሰሌዳ ለአስተናጋጇ አደራ ብላ መሰላሉን ከመጋዘኑ ደጅ አነሳች። አኬች ሳሎኑን እየወለወለች ነበር። ምንም ሳትጠየቅ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጥታ የመሰላሉን እግር ያዘች። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል።

«ምን ልታደርጊ ነው ፀዲ?»

«አምፖሉን ልየው ብዬ ነው፣ እትዬ አኬች።»

«እይው» አለች አኬች። ሌላ አልጨመረችም።

ፀደንያ መጀመሪያ ከአምፖሎቹ ሥር ያለውን መከላከያ መስታወት አውርዳ በሆምጣጤ አጠበችው። የገንዳው ውሃ ሲተን በላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ አንዳንዴ ብርሃን የሚሰርቀው ይኸው ነው። መስታወቱ ጠራ፤ የቀኙ ግን ያው ነው። ቀጥላ በመለኪያዋ ሁለቱም ጋ የሚደርሰውን ቮልቴጅ አየች፤ እኩል ነው። ስለዚህ የሚመጣው ኃይል ችግር የለበትም። ከዚያ ዋናውን ፈተና ልታደርግ መብራቱን አጠፋች። ይህ ዓይነቱ አምፖል እንደ ሌላው ወዲያው አይነካም። ሲጠፋ እንደ ምጣድ የጋለ ነው፤ ካልቀዘቀዘም መልሶ አይበራም። ሩብ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ሁለቱ ሴቶች በጨለመው ገንዳ አጠገብ ተቀመጡ። ጄኔሬተሩ ከውጭ ያጓራል። አንድ ኬንያዊ እንግዳ ቁልፉን መልሶ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ።

«በዛብሽ ስትገዛው ማስረሻ ሦስት ቀን አኩርፎ ነበር» አለች አኬች፣ ዐይኗን ከገንዳው ሳትነቅል። «ለዓሣ ይህን ያህል ገንዘብ ይወጣል ወይ ብሎ። እሷ ስቃ ዝም። ኋላ እሱ ራሱ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳየ የሚኩራራበት ሆነ።»

«ገንዳውን ሁሌ የምታጸጂው አንቺ ብቻ ነሽ?»

«አዎ። ውሃውን በየሳምንቱ እኔ ነኝ የምቀይረው። አምፖሉን ግን ነክቼው አላውቅም። በጣት አይነካም ብላኛለች እሷ።»

እውነቷን ነው። የጣት ወዝ ያረፈበት አምፖል ሲግል ይሰነጠቃል። ፀደንያ ንጹሕ ጨርቅ በእጇ ጠቅልላ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረችና አበራች። አምፖሎቹ ቀስ ብለው እየተነሱ ሙሉ እስኪበሩ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጁ፤ ለፀደንያ ግን ከዚያም የረዘመ መሰላት። በመጨረሻ የታየው ይህ ነው፤ ደካማ የተባለው አምፖል ግራው ላይ ሆኖ እንደ ፀሐይ በራ፣ ደህና የነበረው ደግሞ ቀኙ ላይ ሲገባ ታመመ። አምፖሎቹ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ማንም አምፖል አልሰረቀም፣ ማንም አሮጌ አልገጠመም። ፀደንያ ከመሰላሉ ላይ ሆና «አምፖሉ አይደለም!» ብላ ጮኸች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። አኬች ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። አልተደሰተችም። ያኔ ፀደንያ ይህን ልብ አላለችውም።

የቀረው ባላስቱ ነው፤ አምፖሉን የሚያስነሳውና የሚመጥነውን ያህል ኃይል ብቻ እንዲያገኝ የሚያደርገው ከባድ የብረት ሣጥን። ሁለቱ ባላስቶች ከሽፋኑ ጀርባ፣ በአንድ የቆርቆሮ ክዳን ሥር ናቸው። ብሎኖቹን ፈታች። የግራው ላይ 250 ዋት የሚል ጽሑፍ አለ፣ እንደ አምፖሉ። የቀኙ ግን 150 ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን ከአምፖሉ ያነሰ ሌላ ዕቃ ገብቶበት ነበር የቀኙ የደከመው። ጎኑ ላይ ቀይ አፈርና የሸረሪት ድር አለበት፤ አንድ ጥጉ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ተረጭቷል። ያንን አረንጓዴ ታውቀዋለች። የግቢው በር ቀለም ነው። የበሩ ትልልቅ መብራቶች ከሁለት ወር በፊት በአዲስ ሲተኩ አሮጌዎቹ መጋዘን ገቡ፤ ምን ምን እንደገባ በዝርዝር የጻፈችው ራሷ ናት፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። ፀደንያ መሰላሉ ላይ እንደቆመች ብዙ ቆየች። ወደ ታች ስታይ አኬች የመሰላሉን እግር እንደያዘች ዓሦቹን ትመለከት ነበር።

ማስረሻ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰ። ፀደንያ ተከትላው ቢሮው ገባች። ጠረጴዛው ላይ የአዳራሹ ንድፍ ተዘርግቶ፣ እንዳይጠቀለል በአራት የውሃ ጠርሙስ ተይዟል።

«ጋሼ፣ አምፖሉ አልተቀየረም።»

«እሺ።»

«የተቀየረው ባላስቱ ነው። የበሩ መብራት ባላስት ነው የገባበት። መጋዘኑ ደግሞ...»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለ ማስረሻ። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ለአዲሱ ግቢ መብራት ፈልጌ ነው የገንዳውን ያወጣሁት። የበሩን ስገጥምበት ይሠራል ብዬ ነበር።»

«እና እትዬ አኬች ምን አጠፋች?»

ንድፉን ከያዙት ጠርሙሶች አንዱን በጣቱ ገፋ አደረገ። ፀደንያ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን የደከመው መሰለ። «ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ስትኖር ታየኛለች» አለ። «ጠዋት ስወጣ ታየኛለች፣ ማታ ስገባ ታየኛለች። ባየችኝ ቁጥር ናይሮቢን ነው የማየው።» ናይሮቢ በዛብሽ ልትታከም ያልሄደችበት ከተማ ነው። ሐኪሞቹ ፈጥና ትሂድ ያሉ ጊዜ ገንዘቡ ለአዲሱ ግቢ መሬት ወጥቶ ነበር፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይህን እያወቀ አያወራውም። ማስረሻ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ውሸት ተናገሪ አልልሽም። ሽማግሎቹ ስለ መብራቱ ይጠይቁሻል፤ ስለ መብራቱ መልሺ። የሰው ስም አታንሺ፣ ይኸው ነው።» ፀደንያ በሩን ልትከፍት ስትል ደግሞ «እናትሽ ትናንት ደውላ ነበር» አላት። «ጉልበቷ እንደገና ተነስቶባታል። መርፌው እንዳይቋረጥባት ልልክላት ነው።»

ሽማግሎቹ ሰባት ሰዓት ላይ መጡ። ሽማግሎቹ ይባል እንጂ ሁለት ናቸው። በማስረሻ በኩል አቶ በዕውቀቱ፣ ካቶር ሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያላቸው የስድሳ ዓመት ሰው። በአኬች በኩል ኦሞት፣ ሎሎጎ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነው፤ ፉኝዶ ካምፕ አብሯት ያደገ፣ ወንድሜ የምትለው። ከምግብ አዳራሹ ጥግ ባለው ክብ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ለስላሳ መጣላቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዶላሩ መወደድ፣ የቦቴ ውሃ ዋጋ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ስለመጨመሩ ተነጋገሩ። አኬች ወንበር ቢቀርብላትም ትንሽ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ቀሚስ ቀይራለች፤ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰው ሰማያዊው ነው።

ማስረሻ ክሱን ባጭሩ አቀረበ። አቶ በዕውቀቱ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ወደ ፀደንያ ዞሩ። «መብራቱን አንቺ አይተሽዋል አሉ፣ ልጄ። የተማርሽው ይህንኑ ነው። አምፖሉ ተሰርቋል?»

«አልተሰረቀም» አለች ፀደንያ። «አዛውሬ ሞክሬዋለሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ኦሞት ትንፋሹን ለቀቀ። «ሰማችሁ?» አለ። «ካላስ፣ አለቀ።»

«ታዲያ የቀኙ ለምን ደከመ?» አሉ አቶ በዕውቀቱ።

 አኬች ቀና ብላ ፀደንያን አየቻት። ልመና የለበትም፣ ቁጣም የለበትም፤ የሆነ ነገር እስኪደርስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብላ አየቻት። ፀደንያ የእናቷን ጉልበት አሰበች፣ ካዝናውን አሰበች፣ አጎቷን ላለማየት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጠርሙስ ክዳን አየች። «ባላስቱ ነው» አለች። «ለአምፖሉ የሚበቃ ኃይል አይሰጥም።»

«ባላስት የሚሉት ምንድን ነው? የት ነው ያለው?»

«ከላይ፣ ከሽፋኑ ጀርባ።»

«በምን ይበላሻል?»

«በብዙ ነገር ይሆናል። በሙቀት፣ በእርጅና...» ማቆም ትችል ነበር። «ውሃም ከነካው።»

«ገንዳው ላይ በውሃ የሚሠራው ማነው?»

 ከወጥ ቤት ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። ሦስቱም ሰዎች ወደ አኬች ዞሩ፣ ፀደንያ ብቻ አልዞረችም። ማስረሻ በዚያች ቅጽበት ከወንበሩ ትንሽ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሌባ ብያት ከሆነ በስሕተት ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። «ግን ዕድሜዋም እየገፋ ነው። እጇ ይስታል። ዛሬ መብራት ነው፤ ነገ በእርጥብ እጇ ኤሌክትሪክ ይዟት ብትሞትብኝ ለበዛብሽ ምን እመልሳለሁ? ወንድሟ ጋ ሄዳ በሰላም ትረፍ። የምትቋቋምበትን እኔው እሰጣታለሁ።» ነገሩ ክስ መሆኑ ቀርቶ እዝነት ሆነ። አቶ በዕውቀቱ ጥቂት አሰቡና ቃሉ የተሰጠው ለደኅንነቷ ታስቦ ነው፤ ለደኅንነቷ ሲባል ከሆነ እንደ ማፍረስ አይቆጠርም አሉ። ኦሞት በቋንቋቸው አኬችን አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ በአንዲት ቃል መለሰችለት። ከዚያ ተነስታ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች።

ዕቃዋ ሁሉ በአንድ ሻንጣና በአንድ ማዳበሪያ ገባ። ፀደንያ ክፍሏ ደጅ ቆማ ሻንጣውን ልትይዝላት እጇን ስትዘረጋ «ተዪው፣ ቀላል ነው» አለቻት። ማስረሻ ያቀረበላትን ፖስታ ኦሞት ሊቀበል ሲል በዓይኗ ከለከለችው። በሞተር ብስክሌት ላይ ሻንጣውንና ማዳበሪያውን ከፊት፣ እሷን ከኋላ አድርጎ ኦሞት ይዟት ወጣ። ዘበኛው በሩን ከዘጋ በኋላ ግቢው ውስጥ ሁሉም ሰው የሚሠራው ሥራ ያገኘ ይመስል በየፊናው ተበተነ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስረሻ በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዞ መጥቶ ሪሴፕሽኑ ላይ አስቀመጠው። የገንዳው የመጀመሪያው ባላስት ነበር። «ከአዲሱ ግቢ አስፈትቼው ነው። ግጠሚው» አላት። ፀደንያ መሰላሉን አመጣች። የሚይዝላት ሰው ስላልነበረ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ብቻዋን ወጣች። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ሲበራ ግራና ቀኙ እኩል ነበር፤ ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠራ። ዓሦቹ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አንዲት ቢጫ ዓሣ ለብቻዋ ወደ ቀኙ ዋኘች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፤ በደቂቃዎች ውስጥ በገንዳው ሁሉ ተበተኑ። ሁለት እንግዶች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱ። ማስረሻ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያይ ቆየና ትከሻዋን ነካ አደረጋት። በስምንት ወር ውስጥ ሲነካት የመጀመሪያው ነው። «እጅሽ ጥሩ ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የቤቱን ኤሌክትሪክ በሙሉ ያዢው። ለሪሴፕሽን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።» ስምንት ወር የጠበቀችው ቃል ነበር። «እሺ ጋሼ» አለች። እጇን ታጠበች። ለአስተናጋጇ እመለሳለሁ አለቻትና ወደ መንገድ ወጣች።

ሎሎጎ ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። የኦሞትን ግቢ ለማግኘት ትምህርት ቤቱን እየጠየቀች በጭቃው ብዙ ተንከራተተች። አኬች ከቆርቆሮ ቤት ደጅ ጣሪያው ላይ ሸራ ለመወጠር ከነፋሱ ጋር ትታገል ነበር። ፀደንያን ስታይ አልተገረመችም። «ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለቻት። ፀደንያ ያዘች። ሁለቱ ሸራውን ጎትተው በሽቦ አሰሩት፤ አኬች ጫፉ ላይ ድንጋይ ጫነችበት። ከዚያ ውስጥ ገብተው፣ አኬች ማዳበሪያው ላይ ፀደንያ ጄሪካን ላይ ተቀመጡ።

«ባላስቱን የቀየረው ጋሼ ነው» አለች ፀደንያ። በመንገድ ሙሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት የቀረው ይህ ብቻ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች አኬች። «ሲያወጣው መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ሸራውን መምታት ጀመረ። ፀደንያ ጄሪካኑን ይዛ ወደ አኬች ተጠጋች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ምን ይላሉ? ሌባ ናት፣ ዞራ ጌታዋን ወነጀለች ይላሉ። እኔ የሚገጠመው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅ። አንቺ ታውቂያለሽ። ከላይ ሆነሽ ስታይው አይቼሻለሁ፤ ፊትሽ ተለወጠ። አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ድምፅዋ አንሶላው ደርቋል ብላ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። «ስትጀምሪ ደህና ነበር የጀመርሽው።»

«ይቅርታ» አለች ፀደንያ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ አኬች።»

«ማሌሽ» አለች አኬች። ጁባ ላይ ይህቺ ቃል ብዙ ቦታ ትገባለች። እግርህን የረገጠህ ሰው ማሌሽ ይልሃል፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ማሌሽ ይላል፤ ዕቃ ጠፍቶብህ ስትጠይቅም ባለሱቁ ማሌሽ ብሎ ይሸኝሃል። አኬች ከእነዚህ በየትኛው እንዳለቻት ፀደንያ ከፊቷ ልታነብ ብትሞክርም አልቻለችም። አኬች ማዳበሪያዋን ፈታ ድስት አወጣች፣ አንድ ሳህን አወጣች፣ ሁለተኛ ሳህን ፈልጋ ስታጣ ተወችው። «ዝናቡ ሳይብስ ሂጂ» አለቻት። «መንገዱ ይቆረጣል።»

ፀደንያ ዋናው መንገድ ላይ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት አገኘች። ሃይ ማላካል ልትል አፏን ከፈተችና ካቶር አለችው። አቶ በዕውቀቱ ሱቃቸው ውስጥ ስኳር በላስቲክ እየመዘኑ ነበር። ከራስ እስከ እግሯ ርሳ ሲያዩዋት ተነስተው በርጩማ አቀረቡላት። አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ውሃው ከቀሚሷ መሬት ላይ እየተንጠባጠበ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ የአምፖሉን ሙከራ፣ አረንጓዴውን ቀለም፣ ቢሮ ውስጥ የተባለውን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገጠመችውን ባላስት። «ውሃ ነክቶት ሊሆን ይችላል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ እንዳልነካው እያወቅኩ ነው ያልኩት» አለች። ይህን ስትል ብቻ ድምፅዋ ተሰበረ።

አቶ በዕውቀቱ ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ረስተውት ቆሙ። «ይህን እዚያው ብትነግሪን ኖሮ» አሉና አልጨረሱትም። በርጩማው ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። «በዛብሽ ስታስምለው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ደግሞ ቃሉን የፈታሁለት እኔው ነኝ።» የሱቁን በር እያዩ ቀጠሉ። «ነገ ጠዋት ቄሱን ይዤ እሄዳለሁ። ማስረሻን አስጠርቼ እጠይቀዋለሁ፣ ሰውም ይሰማል። እሷ ግን ተመለሺ ብትባል የምትመለስ አይመስለኝም። እኔም ብሆን አልመለስም።»

«አውቃለሁ» አለች ፀደንያ።

«አንቺስ? ይህን ተናግረሽ ዛሬ የት ልታድሪ ነው?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። ልብሷ እዚያ ነው፣ ፓስፖርቷ ካዝናው ውስጥ ነው፣ የእናቷ መርፌ በአጎቷ እጅ ነው። አቶ በዕውቀቱ እኔ ቤት እደሪ አላሉም፤ እሷም ይሉኛል ብላ አልጠበቀችም። ፊቷን በእጇ ጠረገች።

«እዚያው» አለች። «ራት ላይ ራሴ እነግረዋለሁ። እስኪያስወጣኝ ድረስ እዚያው ነኝ።»

አቶ በዕውቀቱ አልከለከሏትም። ጃንጥላቸውን ከበሩ ኋላ አንስተው ቀድመዋት ወጡና፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ቦዳ ቦዳ ጠሩላት። ሹፌሩ በዝናቡ አሳቦ ሁለት እጥፍ ጠየቀ። ፀደንያ ሳትከራከር ከኋላው ወጥታ ተቀመጠች።